ሉዊ ፓስተርና አስታማሚ ባለቤታቸው

በየትምህርት ቤቱ የሉዊ ፓስተር ስም ሲነሣ የምንሰማው ስለ ጀርሞች፣ ወተትን በሙቀት ስለ ማንጻትና ስለ እብድ ውሻ ክትባት ነው። እኒህ ሊቅ ክትባቶቻቸውን ሁሉ ያገኙት ግራ አካላቸው ከሰነፈ በኋላ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ለዚህ ካበቋቸው ነገሮች አንዱና ትልቁ በቤት ውስጥ የተደረገላቸው ማስታመም ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ የእሳቸውን ሕይወት ስንተርክ የባለቤታቸውንም አብረን እንተርካለን።

ፓስተር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 27 ቀን 1822 ዓ.ም. ዶል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በናፖሌዎን ጦር ውስጥ ያገለገሉ ቆዳ ፋቂ ነበሩ። ልጁ በትምህርት ገፍተው በ26 ዓመታቸው በስትራስቡርግ የኬሚስትሪ መምህር ሆኑ። እዚያ በደረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአካዳሚውን ሹም ልጅ ማሪ ሎራንን ለጋብቻ ጠየቁ፤ በሜይ 29 ቀን 1849 ዓ.ም. ተጋቡ። ማዳም ፓስተር ባለቤታቸው የሚናገሩትን እየጻፉ፣ የጻፉትንም እየገለበጡ የሥራ ጓደኛ ሆኑላቸው። ከወለዷቸው አምስት ልጆች ሦስቱ ሴቶች በልጅነታቸው ሞቱባቸው። ከ1865 ዓ.ም. ጀምሮ ፓስተር በደቡብ ፈረንሳይ የሐር ትልን የሚፈጀውን በሽታ ሲመረምሩም ማዳም ፓስተር ትሎቹን ይመግቡና ይለዩ ነበር።

በኦክቶበር 19 ቀን 1868 ዓ.ም. ፓስተር የ45 ዓመት ሰው ሳሉ፣ ግራ ጎናቸውን ነዘራቸው። እሳቸው ግን ወደ ሳይንስ አካዳሚ ስብሰባ ከመሄድ አልቀሩም። ማዳም ፓስተር ልባቸው ስላልረጋ እስከ በሩ ሸኟቸው፤ ሲመለሱም ብቻቸውን እንዳይሆኑ ለወዳጃቸው ለባላር አደራ አሉ። ማታ ከተኙ በኋላ ሕመሙ ተነሣ። በመጀመሪያ መናገር አቃታቸው፤ ቀጥሎም ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አሉ። ዛሬ ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት ይህ ነው፤ ይኸውም የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የተጎዳው ክፍል የሚያዘው አካል ይሰንፋል። የዚያን ጊዜ ሕክምና አልቅት ከማጣበቅ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ሆኖም ማዳም ፓስተር ከአልጋው አጠገብ ብቻቸውን አልነበሩም። ዱክሎንና ዠርኔዝን የመሳሰሉ ደቀ መዛሙርት በተራ እየመጡ ያድሩ ነበር። እኛ ይህን እንደ ቀላል ነገር አናየውም፤ አስታማሚው ያለ ረዳት የቀረ እንደ ሆነ ቤቱ ሁለት በሽተኛ ይኖረዋልና። ፓስተር ሕመሙ በተነሣ በሳምንት ገደማ ስለ ሐር ትል ያሰቡትን ተኝተው ሳሉ አጻፉ። በዚያው ጊዜ ሊሠራላቸው የተጀመረው ላቦራቶሪ፣ ሊቁ አይተርፉም ተብሎ ተቋርጦ ነበር። ይህን የሰሙት ንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን ሣልሳዊ ሥራው እንዲቀጥል አዘዙ። በሽተኛ ገና ይፈለጋል መባሉን ሲያውቅ ምን ያህል እንደሚበረታ ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስት ወር እንደ ሆነ ፓስተር ገና በቅጡ ሳይራመዱ ወደ ሐር ትሎቻቸው ለመመለስ ቈረጡ። እዚህ ላይ የአስታማሚ ትልቁ ፈተና ይታያል። ቢከለክሏቸው ተስፋቸው ይሞታል፤ ዝም ብለው ቢለቋቸው ደግሞ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ማዳም ፓስተር አብረዋቸው ሄዱ። ፓስተር ተቀምጠው ሲያዙ ሌሎች ምርመራውን ያካሂዱ ነበር። ቀጥሎም ትሪየስቴ አጠገብ ቪላ ቪቼንቲና በተባለ ርስት ከርመው ስለ ሐር ትል በሽታ የሚናገረውን መጽሐፋቸውን ሲያጽፉ የጻፉት ማዳም ፓስተር ናቸው። መጽሐፉ በ1870 ዓ.ም. ታተመ፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የባልየው ብቻ ነው።

ግራ እጃቸው እንደ ደረቀ፣ እግራቸውም እንዳነከሰ ቀረ። ሁለት እጅ የሚጠይቀውን ሥራ ረዳቶቻቸው ይሠሩላቸው ጀመር። በ1881 ዓ.ም. ከአባ ሰንጋ የሚያድነውን ክትባት በአደባባይ ሲያስመሰክሩ የተከተቡት በጎች ተረፉ፤ ያልተከተቡት አለቁ። በጁላይ 6 ቀን 1885 ዓ.ም. ደግሞ እብድ ውሻ የነከሰው የ9 ዓመት ልጅ በእሳቸው ክትባት ዳነ። በ1887 ዓ.ም. ሕመሙ ተመልሶ አንደበታቸውን ስለ ያዘባቸው፣ በማግሥቱ ዓመት የፓስተር ኢንስቲቲዩት ሲመረቅ ንግግራቸውን ያነበበው ልጃቸው ነበር። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ዓ.ም. ሲያርፉ አንዱ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ ነበረ። ከመጀመሪያው ሕመም እስከዚያ ቀን 27 ዓመት ነው። ማዳም ፓስተርም በ1910 ዓ.ም. ዐርፈው አጠገባቸው ተቀበሩ።

አንጎል የተጎዳ ክፍሉ ያደርገው የነበረውን ሥራ በድግግሞሽ በከፊል እንደሚማር ዛሬ ታውቋል። ስለዚህ በሽተኛው የሚችለውን ራሱ ይሥራ፤ የማይችለውን ብቻ እንሥራለት። እርግጥ ሁሉም እንደ ፓስተር አይነሣም፤ በማይነሣውም ምክንያት አስታማሚው ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ከመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች አንዱ በዚህ ሕመም የተኛ እንደ ሆነ፣ ጠይቀን ብቻ ከምንመለስ ባለቤቱ አንድ ሌሊት እንድታርፍ ተራ ብንይዝላት የዱክሎንና የዠርኔዝን ድርሻ ተወጣን ማለት ነው።