ኦዝቦርን ሬይኖልድስ

ኦዝቦርን ሬይኖልድስ (ኦገስት 23 ቀን 1842 – ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1912 እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ መሐንዲስና የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ፈሳሽ በቱቦ ውስጥ መቼ በጸጥታ እንደሚፈስ፣ መቼ እንደሚበጠበጥ የሚለየው «የሬይኖልድስ ቁጥር» በእርሱ ስም ይጠራል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች በጋራ የሚሠሩበት ማይክሮፍሉይዲክስ፣ ማለትም እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቦዮች ጠብታ ደም የሚመረምሩ ቺፖች ጥናት፣ ያለዚህ ቁጥር አይታሰብም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕይወት

የተወለደው በአየርላንድ ቤልፋስት ሲሆን ያደገው በእንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ መምህሩ አባቱ ነበር። በ1861 በአንድ መሐንዲስ ወርክሾፕ ለሙያ ልምምድ ገባ። እዚያ ያያቸውን ነገሮች ያለ ሒሳብ መረዳት እንደማይቻል ስለተገነዘበ ወደ ካምብሪጅ ሄዶ ሒሳብ አጠና፤ በ1867ም ተመረቀ።

በ1868 የማንቸስተር ከተማ ፋብሪካ ባለቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በኦወንስ ኮሌጅ (በኋላ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ) የምህንድስና ፕሮፌሰርነት ቦታ እንዲከፈት አደረጉ። ቦታውን ያገኘው ገና 25 ዓመቱ የነበረው ሬይኖልድስ ነው፤ 37 ዓመት ቆየበት። በዚያው ዓመት ያገባት ባለቤቱ ግን ከዓመት ገደማ በኋላ ሞተችበት። በ1881 እንደገና አገባ። ትምህርቱ ለመከታተል ከባድ እንደነበር ይነገራል፤ ሆኖም ኤሌክትሮንን ያገኘው ጄ. ጄ. ቶምሰን ከተማሪዎቹ አንዱ ነው።

የቀለሙ ሙከራ

በ1883 ያሳተመው ሙከራ ቀላል ይመስላል። ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ የመስታወት ቱቦ አጋድሞ፣ በአፉ በኩል ቀጭን የቀለም ጅረት ለቀቀ። ውሃው ቀስ ብሎ ሲፈስ ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ፍጥነቱ ሲጨምር ክሩ በድንገት ተበትኖ ቱቦውን በሙሉ ያቀልመዋል። በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲያየው ግን የተበተነው ቀለም የተጠመዘዙ አዙሪቶች ሆኖ ታየው።

ዋናው ነገር ፍጥነቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። የቱቦውን ስፋትና የውሃውን ሙቀት እየለዋወጠ፣ ፍጥነት፣ ስፋትና እፍጋት ተባዝተው ለፈሳሹ ወፍራምነት (ማር ከውሃ የሚለይበት ጠባይ) ሲካፈሉ የሚገኘው ቁጥር ወሳኝ መሆኑን አሳየ። ቁጥሩ አሃድ የለውም፤ ስለዚህ ለወንዝም ለደም ሥርም ያገለግላል። በቱቦ ውስጥ ከ2000 ገደማ በታች ሲሆን ፍሰቱ የተረጋጋ ነው። የሬይኖልድስን ስም የሰጠው በ1908 አርኖልድ ዞመርፌልድ ነው።

100 ማይክሮሜትር በሚሰፋ ቦይ ውስጥ ውሃ በሰከንድ 1 ሚሊሜትር ቢጓዝ ቁጥሩ 0.1 ያህል ብቻ ነው። በቺፕ ውስጥ ሁለት ፈሳሾች ጎን ለጎን ሲፈሱ አዙሪት የማይደባልቃቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚደባለቁት ቅንጣቶቻቸው ቀስ በቀስ ወደ ጎን ሲሰርጉ ነው። ለቺፕ ሠሪ ይህ ችግርም መሣሪያም ነው።

ከኢንዱስትሪ ጋር

ቢውቻምፕ ታወር የተባለ መሐንዲስ የባቡር ዘንግ መሸከሚያዎችን ሲፈትን፣ ዘይቱ የቀዳዳውን ውታፍ ገፍቶ እስኪያወጣ ድረስ ከፍተኛ ግፊት እንዳለው አስተውሎ ነበር። ሬይኖልድስ በ1886 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ፦ የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት ስለሚጎትተው ግፊት ይፈጠራል፤ ጭነቱንም ስስ የዘይት ሽፋን ይሸከመዋል። ለተርባይን ፓምፕ በ1875 ፓተንት ቢያወጣም ማዘር ኤንድ ፕላት የተባለው የማንቸስተር ኩባንያ ማምረት የጀመረው በ1893 ነው። 18 ዓመት መሆኑ ነው።

በ1895 የተበጠበጠ ፍሰትን በአማካይና በመዋዠቅ ከፍሎ የሚያሰላ ዘዴ አቀረበ። ዛሬ የፍሰት ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚያስኬደው ይህንኑ ነው።

በ1877 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1888 የሮያል ሜዳልያን ተሸለመ። ጤናው ስለደከመ በ1905 ጡረታ ወጥቶ በሶመርሴት፣ ዋቼት በምትባል ከተማ አረፈ። የሙከራው ገንዳ እስካሁን በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሙከራው በዚያው ገንዳ ሲደገም፣ ቀለሙ ሬይኖልድስ ካገኘው ባነሰ ቁጥር ተበተነ፤ ምክንያቱ የከተማው መኪኖች ንዝረት ነው።