ከበሮውን ያናገረው ኪት ሙን

በሙዚቃ ጓድ ውስጥ ከበሮ መቺ እንደ አገልጋይ ይቈጠር ነበር። ዘፋኙ ከፊት ይቆማል፤ እርሱ ግን ከኋላ ተቀምጦ ምቱን ይጠብቃል። ይህን ልማድ ካፈረሱት አንዱ እንግሊዛዊው ኪት ሙን ነው።

ኪት ሙን እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1946 ዓ.ም. በለንደን ተወልዶ ዌምብሊ በተባለው ሰፈር አደገ። ትምህርት ስላልሆነለት ገና በ14 ዓመቱ ተሰናበተ። በ1964 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ ፒት ታውንዜንድ፥ ሮጀር ዳልትሪና ጆን ኤንትዊስል ካሉበት «ዘ ሁ» ከተባለው ጓድ ጋር ተቀላቀለ።

አመታቱ እንግዳ ነበር። ምቱን እንደ ሰዓት ከመቍጠር ይልቅ የዘፋኙን ድምፅ እየተከተለ፥ ሁለት ትልልቅ ከበሮዎችን በሁለት እግሩ እየረገጠ፥ ከበሮው እንደ ሰው እንዲናገር አደረገ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው «ቶሚ» የተባለው ሥራ ለዚህ ምስክር ነው።

ነገር ግን ከመድረክ ሲወርድም ማረፍ አልቻለም። በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን ፊት ከበሮው ውስጥ ያስቀመጠው ፈንጂ ከታሰበው በላይ በርትቶ ክንዱን አቈሰለው። የሆቴል ዕቃ ይሰባብር ነበር፤ ሰውም ይሥቅለት ነበር። በጃንዋሪ 1970 ዓ.ም. ከአንድ መጠጥ ቤት ደጃፍ በተነሣ ግርግር መካከል መኪናውን ሲነዳ፥ የገዛ ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ገብቶ ሞተ። ነገሩ ድንገተኛ አደጋ ነው ተባለ፤ ጸጸቱ ግን አልለቀቀውም። መጠጡም ባሰበት። በ1973 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ በትርኢት መካከል ራሱን ስቶ ሲወድቅ፥ ከተመልካቾች አንዱ ወጣት ወጥቶ ከበሮውን መታለት።

በመጨረሻ መጠጥ ለመተው ቈረጠ። ሐኪምም ሄሚኔቭሪን የተባለ ክኒን አዘዘለት። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1978 ዓ.ም. በለንደን ሜይፌር በሚገኝ ቤት ሞቶ ተገኘ፤ የዋጠው ክኒን 32 ነበር። ዕድሜውም እንዲሁ 32 ዓመት ነበር። ሊያድነው የታዘዘው መድኃኒት ገደለው።

ጓዱ በሌላ ከበሮ መቺ ሥራውን ቀጠለ፤ የእርሱ አመታት ግን ከእርሱ ጋር ቀረ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በየመኝታ ቤታችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሥቀን፥ ከሁሉ ይልቅ የሚጠጣ አንድ ጓደኛ አይታጣም። ለኪት ሙን ያጨበጨበለት ብዙ ነበር። እኛ ግን ሣቃችንን ከጨረስን በኋላ እንደምን አደርክ ብለን ከልባችን እንጠይቀው።