ፍሪድሪክ ሎፍለር

ፍሪድሪክ ሎፍለር (እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1852 – ኤፕሪል 9 ቀን 1915) ጀርመናዊ ሐኪምና የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበሩ። በ1898 ከፓውል ፍሮሽ ጋር የአፍና እግር በሽታ (አፍተግር) በቫይረስ እንደሚመጣ አሳዩ። ከእንስሳት ቫይረሶች መጀመሪያ የተገኘው ይህ ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ሎፍለር የተወለዱት በፍራንክፈርት አን ዴር ኦደር ከተማ ሲሆን አባታቸው የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበሩ። ሕክምናን በቩርትስቡርግና በበርሊን ተምረው በ1874 ተመረቁ። በበርሊን ከሮበርት ኮኽ ጋር ሠሩ። በ1884 የዲፍቴሪያን ባክቴሪያ ለብቻው ማሳደግ ቻሉ። በ1888 በግራይፍስቫልድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ።

የአፍተግር ጥናት

አፍተግር የከብቶችን አፍና ሰኮና የሚያቆስል፣ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው በፍጥነት የሚዛመት በሽታ ነው። ሎፍለርና ፍሮሽ ከታመሙ ከብቶች የውኃ ቋጠሮ ፈሳሽ ወስደው ባክቴሪያን በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳለፉት። የተጣራው ፈሳሽ ግን ጥጆችን እንደ ቀድሞው አሳመመ። መርዝ ነው እንዳይባል፣ ፈሳሹ እየቀጠነ ከጥጃ ወደ ጥጃ ሲተላለፍ ኃይሉ አልቀነሰም። ስለዚህ በእንስሳው አካል ውስጥ የሚራባ፣ ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ነገር እንደሆነ ደመደሙ።

ጥናቱ ራሱ አደጋ ነበረው፤ በሽታው ከሙከራው ቦታ ወጥቶ በአካባቢው ከብቶች ላይ ይነሳ ጀመር። በዚህ ምክንያት ሥራው በ1910 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ሪምስ ደሴት ተዛወረ። ሎፍለር በ1913 ወደ በርሊን ተመልሰው የኮኽን ተቋም መሩ፤ በዚያው ከተማ አረፉ።

ቫይረሱና አሲድ

ሎፍለር በሽታውን የገቱት በባሕር ውኃ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን የቫይረሱን ደካማ ጎን አገኙ፤ ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድ ሽፋኑ ይፈራርስና የመበከል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ እንደ ሲትሪክ አሲድ (0.2 በመቶ) እና በኮምጣጤ ውስጥ እንደሚገኘው አሴቲክ አሲድ (2 በመቶ) ያሉ ለስላሳ አሲዶች ጫማን፣ ዕቃንና ተሽከርካሪን ከቫይረሱ ለማጽዳት ያገለግላሉ። እበትና ጭቃ ቫይረሱን ስለሚከልሉ አስቀድሞ በደንብ መታጠብ አለባቸው። ዘዴው ለሁሉም ቫይረስ አይሠራም፤ ለምሳሌ በምልክቱ አፍተግርን የሚመስለው የአሳማ የውኃ ቋጠሮ በሽታ ቫይረስ አሲድን ይቋቋማል።

መታሰቢያ

በሪምስ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ምርምር ተቋም ዛሬ በሎፍለር ስም ይጠራል። አፍተግር በኢትዮጵያ ጨምሮ በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች እስካሁን አልጠፋም።