ጠመንጃ ያልያዘው ወዳጃችን፦ ሠዓሊው ዴቪድ ሎው

ስለ ራሳችን አርበኞች ብዙ ተጽፏልና እኔ ዘንድሮ በእርሳስ ብቻ ስለተዋጋልን አንድ ፈረንጅ ላጫውታችሁ። ስሙ ዴቪድ ሎው ነው፤ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነበር። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

ሎው በ1883 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ አገር ደኒደን ከተማ ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ሲሞት ወላጆቹ ልጁን የጎዳው ትምህርት ማብዛቱ ነው ብለው ስላመኑ ሎውን ገና በ11 ዓመቱ ከትምህርት ቤት አስቀሩት። እንደ እኔው በጊዜ ቀረ ማለት ነው። አስተማሪዎቹ ከእንግሊዝ አገር የሚመጡ የቀልድ ጋዜጦች ሆኑ። እነዚህ ጋዜጦች አንዱን ታሪክ በሣጥን በሣጥን ከፍለው በተከታታይ ሥዕል የሚያወጡ ናቸው። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ሣጥን ተሥሎ ሲሸጥ የምናውቀው ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳም እንደዚያው ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል ግን ከግድግዳው ላይ ከኔ አብልጣ ታነበዋለች።

ሎው በአውስትራሊያ ሠርቶ በ1912 ለንደን ገባ። በ1920 ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ወደሚባለው ጋዜጣ ሲዛወር የጋዜጣው ባለቤት በፖለቲካ የማይስማማው ሀብታም ነበር፤ ቢሆንም የፈለገውን እንዲሥል ተዋውለው ነው የገባው። በ1928 ፋሽስት አገራችንን ሲወር ሎው ሙሶሊኒን በዚያ በትልቁ አገጩ መሣቂያ አደረገው። ጨካኝን አስፈሪ አድርጎ መሣል እሱን ማስደሰት ነው፣ የሚያመው ሞኝ ተደርጎ ሲሣል ነው የሚል እምነት ነበረው። እውነትም አመማቸው፤ ጋዜጣው ጀርመንና ጣሊያን አገር እንዳይገባ ተከለከለ።

በ1930 ሎው በሂትለርና በሙሶሊኒ ላይ ተከታታይ የሣጥን ቀልድ ጀመረ። ያን ጊዜ ሎርድ ሃሊፋክስ የሚባሉት ባለሥልጣን ከጀርመን ተመልሰው፣ ለሰላም ሲባል እንዲያለዝብ ለመኑት። እሱም ሁለቱን ሰዎች አዋሕዶ ሙዝለር የሚባል አንድ ሰው ፈጠረና ጥቂት ጊዜ አለዘበ። በዚህ ልወቅሰው አፍ የለኝም። እኔም በጸሐፊነቴ ዘመን አንድ አለቃ አዞኝ የአንዲትን ባልቴት አቤቱታ አለዝቤ ጽፌአለሁ፤ ሴትዮዋም ባዶ እጇን ተመለሰች። ሎው ግን ሂትለር በዚያው ዓመት ኦስትሪያን ሲይዝ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። እኔ አልተመለስኩም።

ከጦርነቱ በኋላ ጀርመኖች እንግሊዝን ቢይዙ ሊያስሯቸው ካዘጋጁት ስም ዝርዝር ውስጥ ስሙ ተገኘ። በመጨረሻ የሰር ማዕረግ ተሰጥቶት በመስከረም 1956 በ72 ዓመቱ አረፈ።

አምና የልጅ ልጄ ከነዚያ ሥዕሎች አንዱን በስልኩ አሳየኝ፤ እኔም ለእናቴ አሳየኋት። ሙሶሊኒ እሱ ነው ብላት አገጩን አይታ እስኪያስላት ሣቀች። ከዚያ ዝም አለች። አባቷ ለአርበኝነት ወደ ቡሬ እንደወጣ የቀረ ነው።