ትኬት ያልቆረጠው ተማሪ፦ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

የቀድሞ ተማሪዎች በተገናኘንበት ሁሉ ከሰላምታው ቀጥላ የምትመጣ ጥያቄ አለች፤ የት ተማርክ፣ መቼ ተመለስሽ የምትል። ከመካከላችን በስኮላርሺፕ ወደ አውሮፓ የሄደ፣ ሄዶ የተመለሰ፣ ሄዶ የቀረ፣ ልሂድ አልሂድ እያለ የሚያወጣ የሚያወርድም ብዙ ነው። ዘንድሮ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የምናነሳው ሰው ግን ስኮላርሺፕ አላገኘም፣ ቪዛ አልጠየቀም፣ የመርከብ ትኬትም አልቆረጠም። ተደብቆ ነው የሄደው። ሄዶ ያየውንና የተማረውን ወደ አገሩ አምጥቶ ምን አደረገበት የሚለው ነው የታሪኩ ዋና ነገር።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የተወለደው በ1878 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ፣ ማይ ምሻም በምትባል ቦታ ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። ልጁ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አባቱም በዚያው ጦርነት እንደሞተ ይነገራል። በዚያ ላይ በምጽዋ በኩል ገብቶ የተዛመተው የከብት እልቂት የእርሻ በሬውን ጨረሰው፤ ድርቅና አንበጣ ተከተሉ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ረሃብ መጣ። በሬ የሌለው ገበሬ ምን ያርሳል? ሰው መንደሩን እየጣለ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ጣሊያኖች ወደያዙት አገር ተሰደደ። ገብረ ሕይወትም ገና ሕፃን ሳለ ከእኩዮቹ ጋር በዚያው መንገድ ወረደ።

የደረሰበት ቦታ ምንኩሉ ይባላል። ከምጽዋ ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበረው። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ያጡትን፣ ከባርነት ነፃ የወጡትን፣ ከረሃብ የሸሹትን ልጆች ሰብስቦ ያስተምር ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብም የተማሩት እዚያው ነው። ገብረ ሕይወት ማንበብና መጻፍ የጀመረው በዚህ ቤት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው የውጭ አገር ትምህርቱ ምጽዋ አጠገብ ተጀመረ ብንል አልተሳሳትንም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል፤ ነገር ግን የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሁሉ ይህንኑ ነው የሚተርኩት። ልጆቹ አንድ ቀን ወደ ምጽዋ ወደብ ወርደው መርከብ ለማየት ይለምናሉ። የአንድ የጀርመን መርከብ አዛዥ ይፈቅድላቸዋል። ወጥተው ያያሉ፣ ይገረማሉ። መውረጃው ሲደርስ ሌሎቹ ይወርዳሉ፤ ገብረ ሕይወት ግን እዚያው ይሸሸጋል። መርከቡ መልሕቁን ነቅሎ ከራቀ በኋላ ነው የተገኘው። አዛዡ ልጁን ምን ያድርገው? ባሕር ላይ አይጥለው ነገር፣ ይዞት ሄደ። መጨረሻም ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አደራ ሰጠው። ቤተሰቡም እንደ ልጃቸው ተቀብለው አሳደጉት፣ አስተማሩት።

ከአድዋ ገጠር የሄደ ልጅ ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻው ተናገረው። ትምህርቱን ገፍቶ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ገባና ሕክምና አጠና። በዚያን ዘመን በርሊን የአውሮፓ የሳይንስ መናኸሪያ ነበረች፤ የሳንባ ነቀርሳን ተዋሲ ያገኘው ሮበርት ኮክ የሚሠራውም በዚያችው ከተማ ነበር። ጀርመን ራሷ ገና ከአንድ ትውልድ በፊት የተበታተኑ ግዛቶች ስብስብ ነበረች። በ30 ዓመት ውስጥ ግን በብረት፣ በኬሚካልና በባቡር ሐዲድ እንግሊዝን የምትፎካከር አገር ሆናለች። ረሃብ ካባረረው አገር ለሄደ ተማሪ ይህ ቀላል ትዕይንት አይደለም። አንድ ሕዝብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊለወጥ እንደሚችል በዓይኑ አይቷል። እንዴት ተለወጠ የሚለው ጥያቄም ከሕክምናው መጽሐፍ ይልቅ አብሮት ቆየ።

ሊቀር ይችል ነበር። ቤት አለው፣ ወላጅ የሆኑት ሰዎች አሉት፣ ቋንቋው ተከፍቶለታል። ግን ተመለሰ። ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እንበላቸው።

ገብረ ሕይወት በ1890ዎቹ ማብቂያ ግድም አዲስ አበባ ሲደርሱ አንድ ትልቅ ችግር ገጠማቸው። የተወለዱበት ቋንቋ ትግርኛ፣ የተማሩበት ጀርመንኛ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ የሚሠራው ግን በአማርኛ ነው። አማርኛን አጥብቀው የተማሩት በዚህ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። ልብ በሉልኝ፤ በአማርኛ ስለ ኢኮኖሚ ከተጻፉት መጻሕፍት ቀዳሚውን ቦታ የያዘውን ሥራ የጻፉት አማርኛን አድገው የተማሩ ሰው ናቸው። በአጼ ምኒልክ ግቢ በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ሠሩ። በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ማለት በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ አውሮፓ ተምሮ የመጣ ሰው በጣት ይቆጠር ነበር።

እነዚያ በጣት የሚቆጠሩት ደግሞ ኑሯቸው አልጋ በአልጋ አልነበረም። ፈረንጅ አገር የተማረ ሰው ሃይማኖቱን ለውጧል፣ የባዕድ ወሬኛ ነው እየተባለ ይታማል። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሲታመሙም የግቢው ሽኩቻ ከረረ፤ በእቴጌ ጣይቱና በሌሎቹ መኳንንት መካከል የነበረው ትግል ዳር የቆመውን ሁሉ ይነካ ነበር። ገብረ ሕይወትም አልዳኑም። ወደ ሱዳን ተሰደዱ። የተማሩትን ይዘው ወደ አገራቸው የመጡት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ከአገራቸው ወጡ፤ የፊተኛው በረሃብ፣ የኋለኛው በሐሜት ነው።

ሥራ የሌለው ስደተኛ ብዙ ጊዜ አለው፤ እሳቸውም ጻፉ። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ላይ፣ ብርሃን ይሁን በተባለው ኅትመት ውስጥ ወጣ። ያሳተመው የስዊድን ሚስዮን ነበር፤ ፊደል ያስቆጠራቸው ሚስዮን የመጀመሪያ ሥራቸውንም አተመላቸው ማለት ነው። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ድፍረቱ ግን አጭር አይደለም። በመጀመሪያ የታሪክ ጸሐፊዎችን ይወቅሳል። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያለፈውን በጥንቃቄ መመልከት፣ ሳያዳላ መፍረድ አለበት ይላል። ጣሊያን አገር ሥዕል ተምረው የመጡትና ስለ ምኒልክ መጽሐፍ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ አንዱን ንጉሥ ለማመስገን ሲሉ ሌላውን አዋርደዋል ብለው ነቀፏቸው። ምኒልክን ራሳቸውን ሲያነሱም ያመሰግናሉ፣ ይወቅሳሉም።

ቀጥሎ መደረግ ያለበትን ለአዲሱ አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ መንግሥት ይዘረዝራሉ። የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፤ ገበሬው የሚከፍለው ግብር ተወስኖ ይታወቅ፤ ወታደሩ በገበሬው ጎጆ ከመመራት በደመወዝ ይተዳደር፤ ሕጉ በመጽሐፍ ይጻፍ፤ ትምህርት ቤት ይከፈት፤ የገንዘብና የጉምሩክ ሥርዓት ይስተካከል፤ ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ። አርአያ አድርገው የሚጠቅሷት አገር ጃፓን ናት። በዛሬ አነጋገር ይህ የሪፎርም ሰነድ ነው፤ የጻፉት ደግሞ ገና 30 ዓመት ያልሞላቸው ስደተኛ ናቸው።

ኋላ ወደ አገራቸው ገቡ። በልጅ ኢያሱ ዘመን የምድር ባቡሩን ሥራ በመቆጣጠር፣ በኋላም በድሬዳዋ ጉምሩክ በነጋድራስነት አገለገሉ። ድሬዳዋ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ የአገሪቱ ትልቁ የንግድ በር እሷ ነበረች። ነጋድራሱ በየቀኑ የሚያዩት ምንድን ነው? ወደ ባሕሩ የሚወርደው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ አቡጀዲ፣ የብረት ዕቃ፣ ጠመንጃ፣ መጠጥ። በርሊን ላይ የተነሳው ጥያቄ በድሬዳዋ ጉምሩክ በር ላይ መልስ የሚሻ ሆነ።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተሰኘው ዋናው ሥራቸው የሚያወጣው ይህን ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው ይላሉ፤ ሥራን የሚያበዛው ግን ዕውቀት ነው። ሐሳባቸውን በራሳችን ምሳሌ እንየው። አንድ ሸማኔ በእጁ ቀን ሙሉ የሚሠራውን ጨርቅ በመኪና የሚሠራው ሰው በጥቂት ደቂቃ ያወጣዋል እንበል። ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ ዕቃ የተለዋወጡ ይመስላቸዋል። በእውነት የተለዋወጡት ግን ድካም ነው፤ አንዱ የብዙ ቀን ላቡን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ሰዓት ሥራ ይወስዳል። ይህ ሲደጋገም ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሳይዘረፍ ይደኸያል፣ ሳይማረክም ጥገኛ ይሆናል። ነፃነቱን በአድዋ ያስከበረ አገር በገበያ ሊያጣው ይችላል ማለት ነው።

ስለ ባቡሩም ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ሐዲድ ብቻውን አገር አያለማም፤ የሚያመርተው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው የውጭውን ዕቃ በርካሽ አስገብቶ የአገሩን ባለሙያ ሥራ ያስፈታል እንጂ። የእርስ በርስ ጦርነቱንም በዚያው ዓይን ነው የሚያዩት፤ ገበሬው ያጠራቀመውን ጦር በየጊዜው እየጠረገው ሀብት ከየት ይመጣል? ይህን የጻፉት ሰው የረሃብና የጦርነት ልጅ መሆናቸውን አንርሳ።

የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ይህ ሐሳብ ከ40 እና ከ50 ዓመት በኋላ በላቲን አሜሪካ የልማት ሊቃውንት ዘንድ ስለ ያልተመጣጠነ ንግድ ከተነሳው ክርክር ጋር እንደሚመሳሰል ያስተምራሉ። ጽሑፉ በአማርኛ በመሆኑ የዓለም ምሁራን ለረጅም ጊዜ አላወቁትም፤ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። መቼም በጀርመንኛ ጽፈውት ቢሆን አንባቢው ቶሎ ይገኝ ነበር። ነገር ግን የጻፉት ለበርሊን ፕሮፌሰሮች አልነበረም። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት አገር፣ ገና ላልተወለደ አንባቢ ጻፉ።

መጽሐፉ ታትሞ አላዩትም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በሰኔ 1911 ዓ.ም. አረፉ፤ 33 ዓመት እንኳ ገና አልሞላቸውም ነበር። ከእኛ መካከል ብዙው በዚህ ዕድሜ የዶክትሬት ጽሑፉን እንኳ አልጨረሰም። የእጅ ጽሑፉ ከሳቸው በኋላ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ሥራዎቻቸውን ዘግይቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በአንድ ላይ አሳትሟቸዋል።

በሐኪምነት አናውቃቸውም። በርሊን ለሕክምና የዋለው ትምህርት የአንድን አገር ሕመም ለመመርመር ዋለ ብንል ይቀላል። ደግሞም አንድ ነገር አለ። እሳቸው ሲሞቱ በአገሪቱ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ኮሌጅ የተከፈተው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ነው። አስተማሪና ተማሪ ቁጭ ብለው የሚከራከሩበት፣ ሐሳብ ያለው ሰው በሐሜት የማይሰደድበት ቤት ቢያገኙ ኖሮ ምን ይጽፉ ነበር?

እኛ ያንን ቤት አግኝተናል። ከዚያ ወጥተን የሄድነውም፣ እዚያው ቀርተን የምናስተምረውም፣ በየዓመቱ ተመልሰን የምንተያየውም በዚያ በኩል ነው። ዘንድሮ ስንገናኝ፣ የት ተማርክ ከምትለው ጥያቄ ቀጥሎ የነጋድራሱን ጥያቄ ብንጠያየቅስ፤ የአንድ ቀን ሥራችን ዛሬ ከሌላው ዓለም የስንት ሰዓት ሥራ ጋር ነው የሚለዋወጠው? መጽሐፉ በየቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ ያላነበበው ያንብበው፣ ያነበበውም ለተማሪው ያውሰው።