የዕፀዋቱ ሊቅ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ታሪክ በአጭሩ

(ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ በ1887 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። በዚያው ከተማ የእርሻን ትምህርት ፈጽሞ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ በዚያም በሊቁ በዊልያም ቤትሰን ዘንድ የዘር ውርስን ትምህርት አጠና። በ1917 በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነ፤ በ1921 ደግሞ ወደ ፔትሮግራድ ተዛውሮ የዕፀዋት ምርምር መሥሪያ ቤት አለቃ ተደረገ። በዚያን ጊዜ በሩስያ ብርቱ ረኃብ ገብቶ ነበርና ሐሳቡ ሁሉ ለሕዝቡ እንጀራ የሚሆን ጽኑ ዘር ወደ መፈለግ አዘነበለ።

የመረመረውም ነገር ይህ ነው። አንዱ ገብስ የደጋውን ውርጭ ሲችል ሌላው በሙቀት አገር የሚያፈራው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጠባይ ከመሬቱ የተገኘ ነው ወይስ በዘሩ ውስጥ የሚወረስ? ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ዘር በአንድ ማሳ ላይ ጐን ለጐን ሲዘራ አፈሩና ዝናሙ አንድ ነው፤ እንዲህም ሆኖ ልዩነቱ ካልጠፋ ምንጩ ዘሩ ነው ማለት ነው። እንደዚሁም አንድ ዘር በብዙ ስፍራ ሲዘራ፣ በየስፍራው የሚለዋወጠው ጠባይ ከአየሩና ከአፈሩ የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ቫቪሎቭ ከ1923 ጀምሮ አንድ ዓይነት ዘሮችን ከ100 በሚበልጡ ስፍራዎች አስዘርቶ ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ደከመ።

በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በአዲስ አበባ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት፤ የጕዞ ፈቃድም አገኘ። ከዚያም በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጕዞ በጐንደርና በአክሱም በኩል አልፎ በ1927 ኤርትራ ደረሰ። በየመንገዱ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ኑግና ጥራጥሬ ሰበሰበ። በአንዲት ጠባብ ማሳ ውስጥ መልኩና ጠባዩ የተለያየ ብዙ ዓይነት ስንዴ ተደባልቆ አገኘ። በዛላው ላይ ጺም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ መኖር እንዳለበት አስቀድሞ ከሕግጋተ ውርስ ተረድቶ ነበር፤ እርሱንም በኢትዮጵያ ምድር አየው።

ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከዓለም የአዝርዕት መገኛዎች እንደ አንዱ ቈጠራት። የኋላ ሊቃውንት ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የለሙት በምዕራብ እስያ መሆኑን አስረድተዋል፤ ዳሩ ግን የኢትዮጵያ ዘር በዓይነቱ ብዛት እጅግ ባለጸጋ መሆኑን አልካዱም። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው፣ መረሬውና ቀይ አፈሩ ለየራሱ የሚስማማውን እያስቀረ፣ ገበሬውም ከየአዝመራው ዘር እየመረጠ በብዙ ዘመን ያከማቹት ሀብት ነው።

በኋላ ግን ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው በስታሊን ዘንድ ሞገስ አገኘ። እርሱም የዘረ መልን ትምህርት ንቆ፣ ዘር በቅዝቃዜ ቢለማመድ ያገኘውን ጠባይ ለልጁ ያወርሳል ብሎ አስተማረ። ቫቪሎቭ ፈተና የመሰከረለትን እውነት አልተወም። በነሐሴ 1940 ዘር ለመሰብሰብ በምዕራብ ዩክሬን ሳለ ተያዘ፤ በ1941 ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም፣ ሰውን ከረኃብ ለማዳን የደከመው ሊቅ በጥር 1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በረኃብ ተጐድቶ ሞተ። በዚያው ወራት ሌኒንግራድ በጠላት ተከባ ስለ ነበር፣ ከሥራ ባልደረቦቹ አያሌዎቹ የተሰበሰበውን ዘር ሳይበሉ እየጠበቁ በረኃብ አለቁ። በ1955 ፍርዱ ተሽሮ ንጽሕናው ታወቀ።

ዛሬ ሊቃውንት የብዙ ማሳ አዝርዕትን ዘረ መል አንብበው፣ ከተሰበሰቡበት ስፍራ ከፍታ፣ ዝናምና ሙቀት ጋር ያስተያያሉ፤ በደጋው በዝቶ በቆላው የሚያንሰውን ምልክት ይከታተላሉ። ምልክቱ ብቻውን ግን አይበቃምና ደግሞ በእርሻ ላይ ይፈትኑታል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ዘረ መል፣ ቅጠልን የሚያቢጭና ተክልን የሚያቀጭጭ ቫይረስን ስለሚቋቋም የካሊፎርኒያን ገብስ ጠቅሟል። በአዲስ አበባም በ1976 የዕፀዋት ዘር መጠበቂያ ማእከል ተቋቁሟል። ገበሬው በጐታው ለዘር ያስቀረው እፍኝ እህል ገና ላልመጣው ድርቅና በሽታ መድኀኒት ሊሆን እንደሚችል ቫቪሎቭ በሕይወቱም በሞቱም አስተማረ።