ከእርማት ያልሸሸው የወፍ ሠዓሊ

የዚህን ሰው ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የተበላሸ ፎቶግራፍ ነው። በጥቅምት ወር ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ፥ በቦርከና ወንዝ ዳር ከከብቶች መካከል የቆመች አንዲት ሳቢሳ በአጎቴ ካሜራ አነሣሁ። ፎቶግራፉን ለተፈጥሮ ክበባችን ሳቀርብ ምስጋና ጠብቄ ነበር። መምህራችን ግን በደንብ ከተመለከቱት በኋላ፥ እኩለ ቀን ላይ በመነሣቱ ነጩ ላባ በፀሐይ ብዛት እንደ ታጠበ ነጠላ ብቻ መታየቱን፥ እኔም ቀጥ ብዬ ቆሜ ስላነሣሁ ወፏ ከላይ እንደ ታየች ዶሮ መምሰሏን በሁሉም ፊት ነገሩኝ። እጅግ አፈርሁ፤ ካሜራውን ለአጎቴ መልሼ ነገሩን ልተወው ቆርጬ ነበር። መምህሩ ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ በማግሥቱ አንድ አሜሪካዊ በአገራችን የሣላቸውን የወፍ ሥዕሎች አሳዩኝ።

ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 በኒው ዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ሲሆኑ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህር ነበሩ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሐሳቡ ሁሉ ወፍ ነበር። አንድ ጊዜ ሕያው ጉጉት ይዞ መጥቶ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋር አስሮት መገኘቱ ይነገራል። (በእኛ ዘንድ ጉጉት ሟርተኛ ነው ስለሚባል፥ እናቴ ብትሆን ኖሮ ሁለቱንም ከቤት ታስወጣቸው ነበር።) አባትየው ወፍ በመሣል እንጀራ የሚገኝ ስላልመሰላቸው የሕንፃ ንድፍ እንዲማር ይፈልጉ ነበር።

በ1894፥ ገና ተማሪ ሳለ፥ ከዩኒቨርሲቲው የመዝሙር ጓድ ጋር ወደ ዋሽንግተን ሄደ። በዚያም በወፍ ዕውቀት ስማቸው የገነነውን ኤሊየት ካውዝን አግኝቶ ሥዕሎቹን አሳያቸው። ካውዝ እጅግ ተደስተው በዓመቱ የአሜሪካ የወፍ ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ሥዕሎቹን አቀረቡለት። እኔ ብሆን በዚያ ምስጋና ዕድሜ ልኬን እኮራ ነበር። እርሱ ግን በ1897 ትምህርቱን እንደ ጨረሰ አቦት ቴየር ወደሚባሉት ሠዓሊ ሄዶ እንደ ጀማሪ ደቀ መዝሙር ሆነ።

እኒህ ቴየር የብዙ እንስሳት ጀርባ የሚጠቁረው፥ ሆዳቸውም የሚነጣው ስለ ምን እንደ ሆነ በ1896 በጽሑፍ ያስረዱ ሰው ናቸው። ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ ጀርባን ያበራል፥ ሆድን በጥላ ያጨልማል፤ የእንስሳው ቀለም ይህን ስለሚያቻችለው ገላው ጠፍጣፋ መስሎ ከዓይን ይሰወራል። ፉዌርቴስም ብርሃንና ጥላ በላባ ላይ እንዴት እንደሚያርፉ በእርሳቸው ዘንድ ተማረ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእኔ ሳቢሳ ትዝ አለችኝ። ላባዋን አይቼ ነበር፤ ብርሃኑን ግን አላየሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ በ1899 ወደ አላስካ ዘመተ፤ ለብዙ መጻሕፍትም ሥዕል ሠራ፤ ስሙም ታወቀ። ከሁሉ ይልቅ የወደድሁት ግን በዚህ ዝናው ጊዜ ያደረገውን ነው። ጆርጅ ሚክሽ ሳተን የሚባል አንድ ወጣት ሥዕሉን ቢልክለት፥ ጉድለቱን እያመለከተና እያበረታታ በደብዳቤ ይመልስለት ነበር፤ በ1916ም በጋውን በኢታካ አብሮት እንዲያሳልፍ አደረገ። ሳተንም በተራው ታላቅ የወፍ ሠዓሊ ሆነ፤ ደብዳቤዎቹንም በክብር ጠብቆ በ1979 በመጽሐፍ አሳተማቸው።

ፉዌርቴስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም.፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የላከው ጓድ አባል ሆኖ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በበቅሎ አርሲንና ባሌን፥ በኋላም ጎጃምን፥ ጣናንና ጎንደርን ዞሮ በሱዳን በኩል ወጣ። መንገዱ በዚያ በመሆኑ የእኛን ጦሳ ሳያይ ቀረ፤ ይህ ይቆጨኛል። ወፎቹ በጠመንጃ ይገደሉ ነበር፤ ለዛሬ ሰው ደስ ባይልም የዘመኑ ልማድ ነው። ወፍ ከሞተ በኋላ የዓይኑና ላባ የሌለው ቆዳው ቀለም ቶሎ ስለሚጠፋ፥ ድካም ሳይል ትኩስ ሳለ ይሥለው ነበር። እንዲህ እያለ ከመቶ በላይ ሥዕል ሠራ።

አገሩ በገባ በጥቂት ወራት፥ በዚያው በ1919 ዓ.ም. ነሐሴ 16 ቀን፥ ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለፍራንክ ቻፕማን አሳይቶ ከባለቤቱ ጋር በመኪና ሲመለስ፥ በዩናዲላ አጠገብ በሐዲድ ማቋረጫ ላይ ባቡር መታቸው። እርሱ በ53 ዓመቱ ሞተ፤ ባለቤቱ ቆስላ ተረፈች። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተወርውረው ሳይበላሹ ተገኙ። ሙዚየሙም በ1930 ከመካከላቸው 32ቱን አሳተመ።

ካሜራውን አልመለስሁም። ባለፈው ወር ከጧቱ 1 ሰዓት አዝዋ ገደል ወጥቼ፥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘውን፥ መንቁሩ ወፍራም፥ ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ቁራ ተንበርክኬ አነሣሁት። ጥቁሩ ላባ ከሰማዩ ብርሃን የተነሣ እንዳይጨልም ካሜራው ብርሃን እንዲጨምር አደረግሁ። መምህሩ ማጅራቱ ጥሩ ወጥቷል አሉ፤ ዓይኑ ግን ከጥቁሩ ላባ ጋር ተዋሕዶ እንደ ጠፋ፥ ራሱን ወደ ፀሐይ እስኪያዞር ልጠብቅ ይገባኝ እንደ ነበር ጨመሩ። ቅዳሜ እንደገና እወጣለሁ።